ደንበኛው በሩ ላይ የሚለው ቃል፦ ለአማርኛ ዌብሳይት ቁልፍ ቃል አመራረጥና አጠቃቀም

ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ፖስታ ቤት ስትወርዱ አንድ የመነጽር ሱቅ አለ። ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው። ዌብሳይት አሠርተው ስድስት ወር ጠበቁ፤ ስልክ የሚደውል ሰው ግን ጠፋ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ጉግል ላይ የለሁም» ብለው ጠሩኝ።

ገጹን ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር «ዘመናዊ የኦፕቲካል መፍትሔዎችን በላቀ ጥራት የምናቀርብ ቀዳሚ ተቋም» ይላል።

«ጋሼ፣ ደንበኛ ሲገባ ምን ብሎ ነው የሚጠይቅዎት?»

«ምን ይላል? የማንበቢያ መነጽር አለ? ስንት ነው? ነዋ!»

ገጹ ላይ «የማንበቢያ መነጽር» የሚል የለም። ዋጋ የለም። ፒያሳ የሚል ቃል እንኳ የለም። «መነጽር» ራሱ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ፖስተር ላይ፣ ምስል ውስጥ። ሰዉ አንድ ነገር እየፈለገ ገጹ ሌላ ነገር ያወራል።

የጋሼን ገጽ እንዴት እንዳስተካከልነው ከነስህተቴ እነግራችኋለሁ። የእናንተ ሥራ ልብስ ስፌትም ይሁን የሒሳብ አገልግሎት፣ መንገዱ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ቃሉን በሩ ላይ ልቀሙ

ቁልፍ ቃል ማለት ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው ቃል ነው። እናንተ የምትወዱት ቃል አይደለም። ብሮሹር ላይ የሚያምር ቃልም አይደለም።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ደብተር ባንኮኒው ላይ አስቀምጡ። ለአንድ ሳምንት ደንበኛ ሲገባም ሆነ ሲደውል መጀመሪያ የሚለውን እንዳለ ጻፉ። አታሳምሩት። «የሩቅ አያሳየኝም» ካለ «የሩቅ አያሳየኝም» ብላችሁ ጻፉ። «የርቀት እይታ ችግር» ብላችሁ ከቀየራችሁት ሥራው ተበላሸ። የቴሌግራምና የፌስቡክ መልእክቶቻችሁንም ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንብቡ። እዚያ ሰው ቃሉን በጽሑፍ ነው የሚሰጣችሁ፣ ከነፊደል አጣጣሉ። ይህ ኋላ በጣም ይጠቅመናል።

ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ጉግል ሂዱ። ብሮውዘሩን በኢንኮግኒቶ፣ ማለትም በግል መስኮት፣ ክፈቱት፤ አለዚያ የራሳችሁን የቆየ ፍለጋ መልሶ ያሳያችኋል። «መነጽር» ብላችሁ አንድ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ከሥር የሚዘረዘረውን ጻፉ። ቀጥሎ «መነጽር ሀ»፣ «መነጽር ለ» እያላችሁ ሞክሩ። የውጤቱ ገጽ ታች ላይ የሚመጡትን ተዛማጅ ፍለጋዎችም አትለፉ። ይህን በስልክም ድገሙት፤ ደንበኛችሁ የያዘው ስልክ ነውና።

አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚፈለግ የሚያሳዩ፣ ኪይወርድ ፕላነርና ጉግል ትሬንድስ የሚባሉ ነጻ የጉግል መሣሪያዎችም አሉ። ሞክሯቸው፣ ግን ብዙ አትጠብቁ። ለትንንሽ የአማርኛ ቃላት ብዙ ጊዜ በቂ መረጃ የለም ይላሉ፤ ፕላነሩም ማስታወቂያ ካላሠራችሁበት የሚሰጣችሁ ሰፊ ግምት ነው። «መረጃ የለም» ማለት ግን ፈላጊ የለም ማለት አይደለም። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው የባንኮኒውን ደብተር ነው።

ደረጃ 2፦ ሰውየው ምን ፈልጎ ነው?

ደብተሩ ላይ ያሉት ቃላት አንድ ዓይነት አይደሉም። «ዓይን የሚያቃጥለው ለምንድነው» የሚል ሰው ማወቅ ነው የፈለገው። «የማንበቢያ መነጽር ዋጋ» የሚለው ኪሱን እየዳሰሰ ነው። «መነጽር ቤት ፒያሳ» የሚለው ግን ታክሲ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ አሁኑኑ ሊመጣ ነው።

ለእያንዳንዱ ፍላጎት አንድ ገጽ ስጡ። ለመጣው ሰው ሁሉ ዋናውን ገጽ አትዘርጉለት። ጋሼ ከሦስተኛው ሰው እንጀምር አሉ፣ ትክክል ናቸው። ገንዘብ ይዞ እየመጣ ያለው እሱ ነው። ስለ ዓይን ማቃጠል የሚያወራው ጽሑፍ ይቆየን ተባብለን ዋናውን ገጽ፣ የዋጋውን ገጽና የምርመራውን ገጽ ብቻ ሠራን። የዋጋው ገጽ ላይ ዋጋውን ለመጻፍ ግን ሁለት ቀን ተከራከርን። «ተፎካካሪ ያየዋል» ይላሉ። ተፎካካሪው ቀድሞ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ደንበኛው ነው። በመጨረሻ «ከዚህ እስከዚህ ብር» የሚል መነሻና መድረሻ ተስማማን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለአንድ ቃል ሁለት ገጽ አትሥሩ። «መነጽር ቤት ፒያሳ» የሚል ገጽ ካላችሁ «ፒያሳ መነጽር ቤት» የሚል ሌላ ገጽ መጨመር የራስን ልጆች ማጣላት ነው።

ደረጃ 3፦ የፊደል ጣጣ

በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም፤ የእኛ ጣጣ ነውና።

ጋሼ ከሚሸጡት አንዱ የፀሐይ መነጽር ነው። እስቲ እንቁጠር። «ፀሐይ»ን ሰው በፀሐዩ «ፀ» ወይም በጸሎቱ «ጸ» ይጀምረዋል። መሐሉን በሐመሩ «ሐ»፣ በሃሌታው «ሀ» ወይም በ«ሃ» ይጽፈዋል። «መነጽር»ንም አንዱ በ«ጽ» ሌላው በ«ፅ» ይጽፋል። ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ጊዜ ሁለት፤ 12 አጻጻፍ። ለአንድ ዕቃ! «የዓይን ሐኪም»ም ቢሆን በ«ዓ» እና በ«አ»፣ በሦስቱም «ሀ»ዎች ሲጻፍ ስድስት መልክ አለው።

ለእኛ ጆሮ ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን «ጽ» እና «ፅ» የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። ጉግል አንዱን ከሌላው ምን ያህል እንደሚያዛምድ ከመገመት ራሳችሁ ፈትሹት። በኢንኮግኒቶ «መነጽር ቤት አዲስ አበባ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ከዚያ ያንኑ በ«ፅ» ድገሙት። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስተያዩ። ተመሳሳይ ከሆኑ እሰየው፣ ተገላገላችሁ። ከተለያዩ ግን ሁለቱም አጻጻፍ ያስፈልጋችኋል። ፈተናው ለየቃሉ ነው፤ ለአንዱ የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት እናስገባ? እኔ የማደርገው ይህን ነው። አንዱን ዋና አድርጌ እመርጣለሁ፤ ርዕሱም፣ ንዑስ ርዕሱም፣ አብዛኛው ጽሑፍም በእሱ ይሄዳል። ሌላውን ሰው በተፈጥሮ በሚጠይቅበት ቦታ፣ ለምሳሌ በጥያቄና መልሱ ክፍል፣ አንድ ጊዜ አስገባዋለሁ። «መነፅሬን ስንት ቀን ላይ እወስዳለሁ?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ ነበር፤ እንዳለ ከነፊደሉ ጻፍነው። 12ቱን በሙሉ ግን ገጹ ግርጌ ላይ አትደርድሩ። አስቀያሚ ነው፤ ኋላ እንደምነግራችሁም ያስቀጣል።

ዋናውን ስትመርጡ ሊቅነትን ተዉት። የግዕዙ ሥር «ነጸረ» ስለሆነ በሥርዓቱ ትክክሉ «መነጽር» ነው። እኔም እንደዚያ ነው የምጽፈው። ደንበኞቻችሁ በብዛት በ«ፅ» ከጻፉ ግን ለርዕሱ በ«ፅ» ጻፉ። የቋንቋ መምህሬ ይቅር ይበሉኝ።

ሌላው ጣጣ ቃሉ ላይ የሚለጠፈው ነው። አማርኛ «ከ»ን፣ «በ»ን፣ «የ»ን ከቃሉ ጋር ያጣብቃል፤ ከኋላም «ው» እና «ዎች» ይጨምራል። «የመነጽራችን ጥራት» የሚል ገጽ ላይ «መነጽር» የሚለው ቃል ብቻውን አልተጻፈም። ቃሉን ራቁቱን፣ ምንም ሳይለጠፍበት፣ ቢያንስ በርዕሱና በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አንድ አንድ ጊዜ አስቀምጡ። የቀረውን እንደ ልባችሁ ጻፉ።

በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ የሚጽፈውስ? ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ በየራሱ መንገድ ነው የሚጽፈው። ያንን ሁሉ ለማሳደድ አትሞክሩ። ቀጥታ በእንግሊዝኛ ለሚፈልገው ግን፣ በተለይ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ፣ ራሱን የቻለ የእንግሊዝኛ ገጽ ሥሩ። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ቋንቋ አንቀጽ በአንቀጽ አታደባልቁ። ሁለቱ ገጾች የአንድ ነገር ሁለት ቋንቋ መሆናቸውን ለጉግል የሚነግር ኤችሬፍላንግ የሚባል ምልክት አለ፤ ዌብሳይቱን የሠራላችሁን ልጅ ጠይቁት።

ደረጃ 4፦ ሰፈሩን እንደ ሰፈሩ ሰው ጥሩ

የጋሼ ገጽ ላይ አድራሻው በክፍለ ከተማ፣ በወረዳና በቤት ቁጥር ተጽፏል። ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለ። «አራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ መነጽር» ብሎ የሚፈልግ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው «ፒያሳ» ነው የሚለው። «ጊዮርጊስ ጋ» ነው የሚለው። «ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ»፣ «ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ» ነው የሚለው። አድራሻውን ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ለጓደኛ እንደምታስረዱት ጻፉት፤ ወረዳው ከሥር ይከተል።

እዚህም አጻጻፍ ይለያያል። «አራት ኪሎ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «4 ኪሎ» የሚልም አለ። «ብሔራዊ»ም «ብሄራዊ»ም አለ። «ለገሃር»ም «ለገሀር»ም አለ። ከላይ ያልኩትን ፈተና እዚህም አድርጉ።

አሁን ደግሞ አዲስ ራስ ምታት አለ። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን ሲቀይረው ብዙ ሱቅ ሰፈር ለቀቀ። የቆየ ደንበኛ ግን ዛሬም ሱቁን በድሮ ቦታው ስም ይፈልጋል። ከለቀቃችሁ መጀመሪያ አዲሱን ቦታ በግልጽ ጻፉ፤ ከዚያ «ቀድሞ ፒያሳ፣ እዚህ ጋ የነበረው ሱቅ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ዛሬም እዚያ ያላችሁ አታስመስሉ። ሰው እስከ ፒያሳ ወጥቶ አጥር ብቻ ካገኘ ሁለተኛ አይመለስም።

ጉግል ማፕ ላይ ያለውን የንግድ ፕሮፋይላችሁንም ክፈቱና አስተካክሉ። ስሙ ላይ በር ላይ የተሰቀለውን የሱቁን ስም ብቻ ጻፉ፤ «ምርጥ ርካሽ መነጽር ፒያሳ» ብሎ ስም ላይ መቀጠል የጉግልን ደንብ ይጥሳል። ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። ጋሼ «ከ2፡30 እስከ 12፡00» ብለው ነበር ያስገቡት። ጉግል የፈረንጁን አቆጣጠር ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ሱቁ ከሌሊት እስከ እኩለ ቀን ክፍት ሆኖ ከረመ። ከ8፡30 እስከ 18፡00 ተብሎ ተስተካከለ።

ደረጃ 5፦ ቃሉን ቦታው ላይ ማስቀመጥ

መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጡ፦ ጽሑፉ ጽሑፍ ነው ወይ? ከገጹ ላይ አንድ መስመር ምረጡ፣ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። መመረጥ ካልቻለ ምስል ነው። ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደል ቁጥር፣ በዩኒኮድ፣ ሳይሆን በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ የቢሮ ሰነድ ግን ዛሬም በየፍላሹ ይዞራል። ዓይን አማርኛ ያያል፣ ጉግል ዝባዝንኬ ያነባል። ከሁለቱ አንዱም ቢሆን እንደገና መተየብ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ከሁሉም የሚበልጠው ቦታ ታይትሉ ነው፤ ብሮውዘሩ ታብ ላይና በጉግል ውጤት ላይ በሰማያዊ የሚታየው። የጋሼ ታይትል «እንኳን በደህና መጡ» ነበር። ጨዋ ሰላምታ ነው፣ ግን ማንም «እንኳን በደህና መጡ» ብሎ መነጽር አይፈልግም። «መነጽር ቤት ፒያሳ፦ የዓይን ምርመራና የማንበቢያ መነጽር» አልነው። ዋናው ቃል ከፊት መምጣቱን ልብ በሉ። ጉግል ታይትሉን በስክሪኑ ስፋት ልክ ይቆርጠዋል፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ሰፋ ይላል። የሱቅ ስም ከፊት ካስቀመጣችሁ የሚቆረጠው ሥራችሁ ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ የተለየ ታይትል ስጡ።

ገጹ ላይ ያለው ትልቁ ርዕስ የታይትሉ ወንድም ይሁን እንጂ ቅጂው አይሁን። የመጀመሪያው አንቀጽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ምን እንደምትሸጡ፣ የት እንዳላችሁ፣ ከስንት ብር እንደሚጀምር ይናገር። «ከተመሠረትንበት ጊዜ ጀምሮ» የሚለውን ታሪክ «ስለ እኛ» ገጽ ላይ አስቀምጡት።

ምስሎቹ የሚገለጹበት ኦልት ቴክስት አለ። «ፎቶ 1» አትበሉ። «ጥቁር ክብ ፍሬም ያለው የማንበቢያ መነጽር» በሉ። ማየት የተሳነው ሰውም ስልኩ የሚያነብለት ይህንኑ ነው። ከገጽ ወደ ገጽ የሚወስደው ሊንክም «እዚህ ይጫኑ» ከሚል «የማንበቢያ መነጽር ዋጋ» ቢል ይሻላል።

የገጹ አድራሻስ በአማርኛ ይሁን? ጉግል ችግር የለበትም። ችግሩ ሊንኩ ኮፒ ሲደረግ ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ወደተሞሉ ዘጠኝ ቁምፊዎች ይቀየራል። «የማንበቢያ መነጽር» አሥር ፊደል ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግን 90 ቁምፊ ሆኖ ቫይረስ ይመስላል። ለዚህ ስል አድራሻውን አጭር አድርጌ በላቲን ፊደል እጽፋለሁ፤ በቃላቱ መሐል ሰረዝ አደርጋለሁ። ቀድሞ የወጣ ገጽ አድራሻ ከቀየራችሁ ግን አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲያሻግር አስደርጉ፤ አለዚያ እስካሁን ያገኛችሁት ሁሉ ይጠፋል።

ሜታ ዲስክሪፕሽን፣ በጉግል ውጤት ላይ ከታይትሉ ሥር ሊወጣ የሚችለው አጭር መግለጫ፣ ደረጃችሁን አያሳድግም። ሰው እንዲጫን ግን ያግባባል፤ ሁለት መስመር ጻፉለት።

ሜታ ኪይወርድ የሚባለውን፣ ሰው የማያየውን የገጹን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር፣ እርሱት። ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ በይፋ ተናግሯል። ዛሬም «ሃምሳ ኪይወርድ አስገባልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ አለ። ብራችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

ደረጃ 6፦ አታጭቁ

«ቃሉ በገጹ ላይ ስንት ጊዜ ይግባ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይመጣብኛል። የተወሰነ ፐርሰንት የለም። እኔ የምጠቀመው ፈተና ቀላል ነው። ገጹን ድምፅ አውጥታችሁ ለአንድ ሰው አንብቡለት። ሰውየው ፈገግ ማለት ከጀመረ በዝቷል።

ሥራ ስጀምር ያደረግኩትን ልናዘዝ። ለአንድ ደንበኛ ገጹ ግርጌ ላይ የአዲስ አበባን ሰፈሮች በሙሉ ደረደርኩ፦ ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ፣ ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ምን ቀረኝ! ከዚያ በነጭ ላይ ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ ሰው እንዳያየው፣ ጉግል እንዲያየው። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የተደበቀ ጽሑፍም ሆነ ያለ ፋይዳ የተደረደረ የቦታ ስም ጉግል በስም ጠቅሶ የሚከለክላቸው ናቸው። ገጹን ዝቅ ሊያደርገው ወይም ጨርሶ ሊያወጣው ይችላል። ደንበኛው ራሱ ስልኩ ላይ ጽሑፉን በጣቱ ሲመርጥ ሰፈሮቹ በሰማያዊ ብቅ አሉበት። «ይሄ ምንድነው?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሦስት ሰፈር የምታገለግሉ ከሆነ ስለ ሦስቱ የምትሉት ነገር ይኑራችሁ፤ ከየት ታክሲ እንደሚያዝ፣ የት መኪና እንደሚቆም። የምትሉት ከሌለ ስሙን አትጥሩ።

ደረጃ 7፦ ሰርች ኮንሶልን ክፈቱ

ሰርች ኮንሶል ጉግል ለዌብሳይት ባለቤቶች የሚሰጠው ነጻ መሣሪያ ነው። ዌብሳይቱ የእናንተ መሆኑን ካረጋገጣችሁለት በኋላ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጻችሁ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተጫኑት፣ በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደነበረ ይነግራችኋል። እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል። በጣም ጥቂት ሰው የፈለጋቸውን ቃላት ግን ለግላዊነት ሲል ይደብቃል።

ለእኛ የሚሆን አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። የፍለጋ ቃሉን ማጣሪያ ክፈቱና ሬጄክስ (የተለያዩ አጻጻፎችን በአንድ ቀመር መፈለጊያ) የሚለውን ምረጡ። ከዚያ እንዲህ ጻፉ፦

መነ[ጽፅ]ር

ቅንፉ «ከእነዚህ አንዱ» ማለት ነው፤ በሁለቱም አጻጻፍ የተፈለገው ተደምሮ ይመጣል። ለፀሐይ ደግሞ፦

[ፀጸ][ሐሀሃ]ይ

ስድስቱም በአንዴ። አሁን የትኛው አጻጻፍ እንደሚበዛ በግምት ሳይሆን በቁጥር አያችሁ ማለት ነው። ታይትሉን በዚያ አስተካክሉ።

ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ጊዜ የተጫነ ቃል ካገኛችሁ ታይትሉንና ሜታ ዲስክሪፕሽኑን እንደገና ጻፉ። አንድ ነገር ቀይራችሁ ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። በየቀኑ እየገቡ መነካካት ወጡ ሳይበስል ክዳን መክፈት ነው።

የጋሼን ከሁለት ወር በኋላ አብረን ከፈትነው። «መነጽር ቤት ፒያሳ» መጥቷል፤ የጠበቅነው ነው። ከሥሩ ግን ያላሰብነው ቃል ነበር፦ «የተሰበረ መነጽር የሚጠግን»። ገጹ ላይ ስለ ጥገና የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። በሩ ጥግ ትንሽ ጠረጴዛ አለቻቸው፤ የላላ ብሎን በነጻ ያጠብቃሉ፣ የተሰበረም ይጠግናሉ። እንደ ሥራ ቆጥረዋት አያውቁም።

«ለዚህችም ገጽ?» አሉኝ።

«ለእሷም ጋሼ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር አወጡ። «በል እንግዲያው» አሉኝ፣ «በ‘ጽ’ ነው በ‘ፅ’?»